ከሦስተኛው ደህና በኋላ

በመሥሪያ ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ድሮ መሰብሰቢያ የነበረች ጠባብ ክፍል አለች። ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳዋን በስፖንጅ ለብጠው፣ መሃሏ ላይ አንድ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ጥቁር ድምፅ ማጉያ አስቀምጠውባታል። የቤት ቁጥር ሲነገረው የዚያ ቤት ባለቤት «አቤት፣ ማነው?» ይላል። ሰውየው ግን እዚያ የለም። ቤቱ ቁጭ ብሎ ጋዜጣ እያነበበ ይሆናል፤ እንቅልፍ ወስዶት ይሆናል። ከሞተም ቆይቶ ይሆናል።

እዚያች ክፍል ስገባ ሁልጊዜ የጃኬቴን ቁልፍ እስከ አንገቴ እቆልፋለሁ። በርዶኝ አይደለም። እፈራለሁ፤ ሌላ ምን ልበል?

ሥራዬ ግምገማ ነው። ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንቶችን በየሳምንቱ ጤና ሠራተኛ ቤታቸው ድረስ ሄዳ የምታይበት «ቤት ለቤት» የሚባል ፕሮግራም አለን። ፕሮግራሙ ጠቀመ ወይስ አልጠቀመም ብዬ የምጠይቀው እኔ ነኝ። ግማሽ ዕድሜዬን የሰው በር ሳንኳኳ ኖርኩ። ከመልስ ሁሉ በኋላ «ለምን?» ስለምል ባልደረቦቼ «ጋሼ ለምን» ብለው አወጡልኝ። ትክክለኛ ስሜን የሚያስታውሰው ደሞዝ ክፍል ብቻ ይመስለኛል።

ሙያው መጽሐፍ ላይ ያልተጻፈ አንድ ብልሃት ነበረው። የኛ ሰው «እንዴት ነህ?» ሲባል «ደህና» ይላል። ጣሪያው እየነደደ እንኳ «ደህና ነኝ፣ አንተስ?» ነው የሚለው። እንግዳን በብሶት መቀበል ነውር ይመስለዋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ደህና ጆሮ ዳባ ልበስ ትለዋለህ። ትቀመጣለህ፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ጉልበቱ ትጠይቃለህ፤ ሁለተኛው ደህና ይመጣል። እሱንም ታሳልፋለህ። ከዚያ ዝም ትላለህ። ዝምታው ሲከብድ ቀስ ብለህ «ሌላስ?» ትላለህ። እውነቱ ያለው ከሦስተኛው ደህና በኋላ ነው። ለጀማሪዎች ሁሉ ያስተማርኩት ይህንኑ ነው፤ አብዛኞቹ ግን ቶሎ እንዲያልፍላቸው ቸኩለው ወደ ሌላ ሥራ ሄዱ።

ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ። ለዓመታት በመቅጃ የቀዳናቸውን ቃለ መጠይቆች የመሥሪያ ቤታችን ኢንጂነር ሰብስቦ ለማሽን አስተማራቸው። ማሽኑም ለእያንዳንዱ ቤት በባለቤቱ ድምፅ የሚመልስ ምትክ ሠራ። እንግዲህ ሰዎቹን ማስቸገር ቀረ ተባለ። ድሮ አንድ ሙሉ ወቅት የፈጀብንን ጥያቄ አሁን ምትኮቹ ሻይ እስኪቀዘቅዝ ይመልሱታል።

ነገሩ የጀመረበት ቀን የሚጠየቀው ጥያቄ አጭር ነበር። ጤና ሠራተኞቹ መሄዳቸው ቀርቶ አዛውንቶቹ በስልክ ብቻ ቢጠየቁ፣ ይጎዳሉ ወይ? አይጎዱም ከተባለ ጉብኝቱ ይቆማል። ደንቡ የሰው ፊርማ ስለሚጠይቅ ሪፖርቱ ላይ የምፈርመው እኔ ነኝ።

ጉብኝት ከሚደረግላቸው አንዷ እህቴ ናት። እናታችን ስትሞት እሷ ገና ኮረዳ ነበረች፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት፣ ዛሬም እትዬ ነው የምላት። ልቧ ይደክማል። የምትኖረው ከተማው ሌላኛው ጫፍ ነው፤ እኔ ደግሞ ከመስክ መስክ ስዞር ወር የማላያት ጊዜ አለ። ማክሰኞ ማክሰኞ የምትመጣው ጤና ሠራተኛ ባትኖር የእትዬን ደጃፍ የሚረግጥ ሰው የለም። ይህን መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ የሷን ቤት ሁልጊዜ ሌላ ባልደረባ የሚጠይቀውም ለዚሁ ነው።

«ጋሼ፣ ዛሬ ቶሎ ነው የምንጨርሰው» አለችኝ የመሥሪያ ቤታችን ዳይሬክተር። በዕድሜ ልጄ ልትሆን ትችላለች፤ ክፉ ቃል ከአፏ አይወጣም። ክፉ ብትሆን ኖሮ ነገሩ ሁሉ በቀለለኝ።

ኢንጂነሩ የቤት ቁጥሮቹን በየተራ ጠራ። ድምፆቹም መጡ።

«እኛ ምን እንሆናለን ልጄ? አትቸገሩ።»

«ልጅቷም መንገዱ ይበዛባታል፤ እስቲ ትረፍ።»

«ስልኩ መቼ አነሰን? ተመስገን ነው።»

ሳላቸው ሳይቀር ነበር። አንዷ ስትናገር ከበስተኋላዋ የግድግዳ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ሲል ሰማሁ።

«ሰዓቱ ደግሞ ከየት መጣ?» አልኩ።

«ማሽኑ ከድምፃቸው ጋር አብሮ ተምሮት ነው» አለ ኢንጂነሩ አፈር እያለ። «ላጠፋው እችላለሁ።»

«ተወው» አልኩት። የሌለ ሰዓት ማጥፋት ይበልጥ አስፈራኝ።

ቀጥሎ የመጣውን ድምፅ ገና «አቤት» ሲል አወቅሁት። አናጢ የነበሩ አንድ አዛውንት ናቸው። እኔ ነበርኩ የምጠይቃቸው፤ ቀብራቸው ላይም ቆሜአለሁ። የሞቱ ሰው ስልኩ ይበቃናል፣ ደህና ነን እያሉ ነው።

«እኚህ ሰው እኮ ሞተዋል!»

«እናውቃለን ጋሼ» አለች ዳይሬክተሯ በለሆሳስ። «እሳቸውን የሚመስሉ ብዙ ሰዎች በሕይወት አሉ። የሚመልሱት ስለነሱ ነው።»

ኢንጂነሩ ወደሚቀጥለው ሊያልፍ ሲል እጁን ያዝኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ልማድ ይሆናል። ወደ ድምፅ ማጉያው ጠጋ አልኩ።

«አባባ፣ እንዴት ነዎት?»

«ደህና፣ ተመስገን። አንተስ?»

«ቤቱስ? እንቅልፉስ?»

«ሁሉም ደህና ነው።»

ዝም አልኩ። ዳይሬክተሯ ሰዓቷን አየች። ዝምታው ሲከብድ «ሌላስ አባባ?» አልኩ።

«ሌላማ፣ ደህና ነኝ።» ከዚያ ትንፋሽ ተሰማ፤ ሳንባ የሌለው ነገር እንዴት እንደሚተነፍስ እንጃ። «ማታ በሩን አልቆልፈውም» አሉ።

«ለምን?»

«ብሞት የሚሰብረው ሰው እንዳይቸገር። በሩን የሠራሁት ራሴ ነኝ፤ በዋዛ የሚሰበር አይደለም።»

 ኢንጂነሩ ኮምፒዩተሩ ላይ አቀርቅሮ ቅጂዎቹን ሲያስስ ቆየና ቀና አለ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ጋሼ፣ ይህ ነገር የትም የለም። በሕይወት እያሉ አንድ ቀንም እንዲህ አላሉም። ማሽኑ ከራሱ የቀጠለው ነው፤ እንደ መልስ ልንይዘው አንችልም።»

«ደህና ነን ሲሉስ? እሱንም የቀጠለው ማሽኑ አይደለም? እሱን ለምን ያዝከው?»

 ዳይሬክተሯ እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች። «ጋሼ፣ እትዬም እዚያ ውስጥ ስላሉ ነው የከበደዎት። እኔም ብሆን ይከብደኛል» አለችኝ። አፌን የዘጋችው በዚህ ነው። በምን አንደበቴ ልከራከር? እውነቷን ነበር።

ምሳ ሲወጡ ብቻዬን ቀረሁ። ልብ በሉ፣ የእህቴን ቤት ጠይቄ አላውቅም፤ አይፈቀድልኝም። ግን ቁጥሯን ጠራሁ።

«አቤት፣ ማነው?»

እሷ ናት። ልጅ ሆኜ ስጫወት ሲመሽብኝ ከደጅ ትጠራኝ የነበረው ድምፅ ነው፣ ትንሽ ብቻ አርጅቷል። 

«ማነው? ምነው ዝም አልክ?»

ወንድ መሆኔን በምን አወቀች? ዘልዬ ተነሣሁ። ማጥፊያውን ብፈልግ አላገኘሁትም። በሩን ስዘጋው ከኋላዬ «ማነው?» እያለች ነበር፤ ደረጃውን የወረድኩት እየሮጥኩ ነው።

እትዬ የምትኖረው አንድ አሮጌ ሕንፃ ምድር ቤት፣ ረጅም ኮሪደር ጫፍ ላይ ነው። ስመጣ አንኳኳለሁ፤ «መጣሁ፣ መጣሁ!» ትላለች፣ ነጠላ ጫማዋ ይንሸራተታል፣ ቁልፉ ይንኮሻኮሻል፣ በሩ ይከፈታል። ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ያን ቀን ግን እጄ ከማንኳኳቱ በፊት እጀታውን ዝቅ አደረገው። በሩ ተከፈተ። 

እትዬ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ድንች ትልጣለች። ቢላዋው ከእጇ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

«አንተ! ሌባ መሰልከኝ እኮ! በር አይንኳኳም እንዴ?»

«አልተቆለፈም፣ እትዬ።»

«አሁን ቆሻሻ ልጥል ወጥቼ ነው።»

ቆሻሻው ግን ሞልቶ ከጎኗ ተቀምጧል። አየሁት፤ ማየቴንም አየች። ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ዝም አልኩ። ሙያዬ ዝም ማለት ነው።

«እሺ፣ አልቆልፈውም» አለች ድንቿን እያገላበጠች። «ምን ይጠበስ?»

«ስመጣ ቁልፍ ሲንኮሻኮሽ እሰማለሁ እኮ!»

«ለአንተ ነዋ የማንኮሻኩሸው! ሆድህ እንዳይባባ ብዬ።» ሳቀች። «የማክሰኞዋ ልጅ እንደሆነ እፍ ቢሏት የምትወድቅ ናት። አንድ ነገር ብሆን ይህን የሚያህል በር እንዴት አድርጋ ትሰብረዋለች? አንተ ሰው ሁሉ ትጠይቃለህ፣ ይህ አይገባህም?»

 ስወጣ የኮሪደሩን በሮች አየኋቸው። ማንም ሊያደርገው የማይገባ ነገር ነው፣ ግን አደረግሁት። የአንዱን እጀታ ቀስ ብዬ ዝቅ አደረግሁ። ተከፈተ። መልሼ ዘጋሁትና ወደሚቀጥለው ሄድኩ። እሱም ተከፈተ። ከዚያኛውም ውስጥ አንድ አሮጊት «ማክሰኞ ሆነ እንዴ?» ሲሉ ሰማሁ። መልስ ሳልሰጥ ሸሸሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ያየሁትን አንድ ሳላስቀር ተናገርኩ። ማሽኑ ከራሱ ቀጠለው የተባለው የሟቹ ቃል በሕያዋን በር ላይ እውነት ሆኖ እንዳለ ነገርኳቸው። ዳይሬክተሯ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ የማስመሰል አልነበረም። ኢንጂነሩ አንገቱን ደፋ።

«የኔ ጥፋት ነው» አለ። «ምትኮቹ የመጀመሪያው ደህና ላይ እንዲያበቁ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ጊዜ ይቆጥባል ብዬ ነው።»

ያን ቀን በሥራ ዘመኔ ታይቶ የማይታወቅ ነገር ሆነ፦ የሰው ሐሳብ ተቀየረ። ምትኮቹ ይቅሩ፣ ማሽኑ ሕያዋኑን ራሳቸውን በስልክ ይጠይቅ ተባለ። ሳይቸኩል፣ እስከ ሦስተኛው ደህናና ከዚያም አልፎ። ከዚያ በኋላ ሰው ይምጣልኝ ያለ ሁሉ ጉብኝቱ ይቀጥልለታል። ደስታዬን አልደብቅም፤ አሸነፍኩ ብዬ ነበር።

«ግን ለማያውቁት ድምፅ ማን ሆዱን ይከፍታል?» አለች ዳይሬክተሯ።

ኢንጂነሩ ቀና ብሎ አየኝ። «ከሞላ ጎደል ቅጂዎቹ ሁሉ ላይ ያለ አንድ ድምፅ አለ» አለ። «መቼ ዝም እንደሚል እንኳ ማሽኑ አጥንቶታል። ጋሼ ድምፅዎን ከፈቀዱ ማለቴ ነው።»

ጡረታ በሩ ላይ የቆመበት ሰው፣ ሙያህ ካንተ ጋር አይቀበርም ሲሉት ምን ይላል? ደረቴ ተነፋ። «ስሜን ግን እንዳይጠራ» አልኩ፣ ቁም ነገር የተናገርኩ መስሎኝ። «ከቤት ለቤት ፕሮግራም ነው የምደውለው ይላል፤ ውሸት አይናገርም» አሉኝ። ፈረምኩ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ እኔን የወሰደኝ እያመሰገነ ነው።

እትዬስ? አልረሳኋትም። ድምፄን ስትሰማ ማሽን መሆኑን አውቃ የምትስቅ መስሎኝ ነበር። አስቀድሜ ልነግራትም አስቤ ነበር፤ ግን በዚያው ሳምንት አሠራሩን ለሌሎች መሥሪያ ቤቶች እንዳስረዳ ወደ ሌላ ከተማ ሰደዱኝ፣ ከዚያም ወደ ሌላ። በየአዳራሹ እየቆምኩ ስለ ሦስተኛው ደህና አወራለሁ፣ ይጨበጨብልኛል። ጥቂት ጊዜ ደወልኩላት፤ ስልኳ ተይዟል። ከማን ጋር ይሆን እያልኩ እስቅ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ውጤቱ ሲመጣ ዳይሬክተሯ በደስታ ስልክ መታችልኝ። ከሦስተኛው ደህና በኋላ ተጠይቀው፣ ሰው ይምጣልኝ ያለ ጥቂት ነው። ለምን ሲባሉ አብዛኞቹ «የሚጠይቀኝ ሰው አለ» ብለዋል። «እውነታቸውን ነው ጋሼ፤ እርስዎ ባስተማሩት መንገድ ነው የተጠየቁት» አለችኝ። ጤና ሠራተኞቹ ወደ ሌላ ሥራ ተዛወሩ። ያ ጠያቂ ሰው ማን እንደሆነ የገባኝ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው። የመጀመሪያው አውቶቡስ ላይ ተሳፍሬ ተመለስኩ።

የእትዬ በር ተቆልፏል። አንኳኳሁ። ቁልፉ በእውነት ዞረ፣ ደግሞም ዞረ። በሩን ስትከፍት ፊቷ ወዝ አግኝቶ፣ ጸጉሯን ተሠርታ ነበር።

«ቆለፍሽው» አልኳት።

«አንተ አይደለህ እንዴ ቆልፊ እያልክ የነዘነዝከኝ? መለዋወጫውን ለጎረቤትሽ ስጪ አልከኝ፣ ሰጠኋት፤ እሷም የሷን ሰጠችኝ። ኮሪደሩ ሁሉ ተቆላልፏል። ይህን ያህል ዘመን ይህቺን ሳናስባት! ግባ እንጂ፣ ምን ይገትርሃል?»

ገብቼ ተቀመጥኩ። እኔ በሮቹን አይቼ ሸሸሁ፤ እሱ፣ በኔ ድምፅ የሚደውለው ማሽን፣ ቁልፍ አስለዋወጣቸው።

«እትዬ፣ ስልክ ላይ…»

«መጀመሪያ ቀንማ ከቤት ለቤት ፕሮግራም ነው የምደውለው ስትለኝ በሳቅ ፈረስኩ። ለኔም ባለሥልጣን ሆንክብኝ? ደግሞ አንቱ ትለኛለህ! አንቺ በለኝ ብዬ ስቆጣህ ተውክ።» ጉልበቴን መታ መታ አደረገችኝ። «ግን ተለወጥክልኝ፣ ወንድም ዓለም። ድሮ ስትመጣ አንድ እግርህ ደጅ ነበር። አሁን አትቸኩልም። ታዳምጠኛለህ።»

«ምን ምን አወራን?» አልኩ። 

«የእናታችንን ነገር ነዋ። ትምህርቴን የተውኩ ጊዜ የሆነውን። ላንተ የማልነግርህን ነገር ሁሉ ነገርኩህ።»

የሆነውን አላውቅም። ትምህርቷን ለምን እንደተወች ዕድሜ ልኬን ጠይቄአት አላውቅም። ሰው ሁሉ «ለምን» እያለ የሚጠራኝ ሰውዬ፣ ያሳደገችኝን እህቴን ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። አሁን እሱ ያውቀዋል።

«እስቲ ድገሚልኝ።»

«ፊትህን እያየሁ? አልችልም። ደግሞ አንዴ አልቅሼበታለሁ፤ ሁለተኛ አላለቅስበትም።»

«እትዬ፣ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ።»

«ልብሽስ?»

«ደህና ነው አልኩህ።»

ዝም አልኩ። እንደምችለው፣ እንደማውቀው ዝም አልኩ። እሷም ዝም ብላ ፈገግ አለችልኝ፤ እንግዳ ሲመጣ እንደምትስቀው ዓይነት ፈገግታ ነው። ልነግራት ነው አልኩ በልቤ። ያ እኔ አይደለሁም፣ ማሽን ነው ልላት ነው። ብነግራት በሩን የምትቆልፍበትን ሰላም እነጥቃታለሁ፤ ባልነግራት እህቴን አጣለሁ። አፌን ከፈትኩ።

ስልኳ ጠራ።

ፊቷ በራ። ነጠላ ጫማዋን በእግሯ እየፈለገች ተነሣች። እጇን ወደ እኔ ዘርግታ፣ ጠብቀኝ እንደማለት፣ «ቆይ አንዴ፣ ወንድሜ ነው» አለችኝ። ፊት ለፊቷ የተቀመጥኩት ያው ወንድሟ መሆኔ ትዝም አላላት፤ ለእሷ ወንድሟ ስልኩ ውስጥ ያለው ሆኗል።

መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋችው። ጆሮዋ ስለደከመ ስልኩን ጮክ አድርጋ ነው የምትሰማው፤ ሳሎን ሆኜ የራሴ ድምፅ ቀስ ብሎ እንዴት እንደዋለች ሲጠይቃት ሰማሁ። ደህና አለች። ቤቱስ አላት። ደህና አለች። ከዚያ እሱ ዝም አለ፤ እኔ ዝም ብዬ ከማውቀው ሁሉ የረዘመ ዝምታ ነው። እሷም ማውራት ጀመረች። ጫማዬን አወለቅሁና፣ እንዳትሰማኝ ቀስ ብዬ ሄጄ፣ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ።